ጭንቅላቴ ሲድን ፍርሃቱ አልለቅ አለኝ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፣ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሐኪም እንዳልመስላችሁ ነው። የምጽፈው ሐኪም የነገረኝን፣ በራሴ ላይ ያየሁትንና ተሳስቼ የከፈልኩበትን ነው። ጭንቅላቱን ተመትቶ፣ «ደህና ነህ» ተብሎ ከሐኪም ቤት ወጥቶ፣ ሌሊት ግን ጣሪያ ላይ አፍጥጦ ለሚያድር ሰው ይጠቅም ይሆናል።

አምና ከጥምቀት በኋላ ለአውድማ ሥራ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። ቤቷ አንኮበር ሳይደረስ፣ ደጋው ላይ ነው። የገብሱ ክምር ላይ ወጥቼ ነዶ ወደ ታች ስወረውር እግሬ ተንሸራተተ። ማጅራቴ አካባቢ ካቡ መታኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ከሰው ነው የሰማሁት። ዓይኔን ስገልጥ «ላሟን ማን አሰራት?» አልኩ አሉ። «ወንድምሽ» ብለው መለሱልኝ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ እንደገና «ላሟን ማን አሰራት?» እናቴ እንደምትለው አሥር ጊዜ ሳልጠይቅ አልቀረሁም። አሁን ቤተሰቡ ይስቅበታል። ያን ዕለት ግን የሳቀ አልነበረም።

መኪና ስላልተገኘ ሐኪም ቤት የደረስኩት በማግስቱ ነው። ሌሊቱን «ከተኛች አትነሳም» ተብሎ በቡናና በጨዋታ ሲያነቁኝ አደሩ። አሁን ሳስበው ሁለቱም ስህተት ነበር። ራሱን የሳተ ሰው እንዲያድር አይደረግም፤ በጋሪም ሆነ በወሳንሳ በዚያው ዕለት ይወሰዳል። ሐኪም አይቶት «ወደ ቤት ሂድ» ከተባለ በኋላ ደግሞ መተኛት ይችላል። እንቅልፍ ለተመታ አንጎል መድኃኒቱ ነው።

ተመረመርኩ፣ ሲቲ ስካን ተነሳሁ። «ምስሉ ንጹሕ ነው፣ የአንጎል መናወጥ ነው፣ ዕረፍት አድርጊ» ተባልኩና ወጣሁ። ምን ያህል ቀን እንደምታመም የነገረኝ አልነበረም። ምስሉ ንጹሕ ከሆነ ለምን መብራት ዓይኔን ይወጋኛል? ለምን ቃል ይጠፋብኛል? በኋላ የገባኝ ይህ ነው፦ ሲቲ ስካን የሚፈልገው ደም መፍሰስንና ስብራትን ነው። መናወጥ ማለት አንጎል ራስ ቅል ውስጥ ተንገጫግጮ ሥራው ለጊዜው መዛባቱ ነው። ያ በምስል አይታይም። ስለዚህ ንጹሕ ምስልና እውነተኛ ሕመም አንድ ላይ ይኖራሉ፤ ማንም አልዋሸም። አብዛኛው አዋቂ ከሁለት ሳምንት እስከ አንድ ወር ባለው ጊዜ ይሻለዋል። ከዚያ የሚቆይበትም አለ። እኔ ሁለት ወር ተኩል ቆየሁ፤ ለምን እንደቆየሁ ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ አንድ ወረቀት ለጥፉ

የሚያስፈራውን ከማያስፈራው ካልለያችሁ ሁሉም ነገር ያስፈራችኋል። እኔ የዩኒፎርም መቁረጫ ወረቀት ቀድጄ በትልልቁ ጻፍኩና መስታወቱ አጠገብ ለጠፍኩት። እንዲህ ይላል፦ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፤ ደጋግሞ ካስመለሰኝ፤ እንደሚጥል በሽታ ከተንቀጠቀጥኩ ወይም ራሴን ከሳትኩ፤ አንድ ጎን እጅ ወይም እግር ከደከመኝ ወይም ከደነዘዘኝ፤ ምላሴ ከተሳሰረ፤ አንዱ የዓይን ብሌን ከሌላው ከሰፋ፤ ሰው ማወቅ ካቃተኝ፤ ለመንቃት ካስቸገርኩ፤ ከአፍንጫዬ ወይም ከጆሮዬ ደም ወይም ውሃ የመሰለ ነገር ከወረደ፤ ወዲያው ሐኪም ቤት። ባለቤቴም እንዲያነበው አደረግኩ፤ ምክንያቱም ከነዚህ አንዱ ሲመጣ እኔ ላላውቀው እችላለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። በዕድሜ የገፉ ሰዎች፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱና መጠጥ የሚያበዙ ሰዎች ላይ ደም በዝግታ እየተጠራቀመ ከሳምንታት በኋላ ሊያስቸግር ይችላል። እናታችሁ ወይም አባታችሁ ከሆኑ ወረቀቱ ቢያንስ ሁለት ወር ግድግዳው ላይ ይቆይ።

ወረቀቱ ላይ ካለው አንዱ ካለ ጽሑፌን ትታችሁ ሂዱ። ከሌለ የሚቀጥለውን አንብቡ።

ጨለማ ቤት ውስጥ አትቀመጡ

«ዕረፍት» ስባል መጋረጃ ዘግቼ፣ የመንዝ ባና ተከናንቤ አሥራ ሁለት ቀን ተኛሁ። ማንንም አላናገርኩም። ሬዲዮም አልከፈትኩም። ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጭንቅላቴን። ሁለተኛ ጊዜ ሐኪም ጋ ስሄድ ያገኘሁት ወጣት ሐኪም ሰምቶኝ ሲያበቃ «ይህን ያህል ማን ተኚ አለሽ?» አለኝ። ዕረፍቱ የመጀመሪያው አንድና ሁለት ቀን ነው። በዚያ ጊዜም ቢሆን መጸዳጃ ቤት መሄድ፣ በረንዳ ላይ መቀመጥ፣ ትንሽ መጨዋወት ይቻላል። ስልክና ቴሌቪዥን በነዚያ ቀናት ይቀነሳል። ከዚያ በኋላ ቀስ ብሎ መነሳት ያድናል፤ መተኛቱ ያዘገያል።

እንዴት ነው ቀስ ብሎ? ከዜሮ እስከ አሥር ቁጥር ስጡት። ከቤት ስወጣ ራስ ምታቴ 3 ነበር እንበል። ወደ በሬሳ ወንዝ አቅጣጫ አሥር ደቂቃ ሄጄ ስመለስ 5 ሆነ። ቤት ገብቼ ቁጭ ስል ቡናው ሳይፈላ ወደ 3 ተመለሰ። ይህ ችግር የለውም። ከሁለት ቁጥር በላይ ካልጨመረና በአንድ ሰዓት ውስጥ ከወረደ ጉዳት አይደለም፤ የተኛ እግር ሲነሳ እንደሚያመው ቁጠሩት። 6 ወይም 7 ከሆነ፣ ወይም ሰዓት ካለፈው፣ ነገ አምስት ደቂቃ ቀንሱ። ቀንሱ አልኩ እንጂ ተዉት አላልኩም።

የደብረ ብርሃንን ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጆሮዬን በሻሽ፣ ዓይኔን ባርኔጣ በሚሰጠው ጥላ ሸፍኜ ነበር የምወጣው። ባጃጅ ግን ለሦስት ሳምንት ተውኩ። ኮብልስቶኑ ላይ ስትነጥር ማዞሩ ይመለሳል። ጋሪ ይሻላል ብላችሁ እንዳትሞክሩት፤ እኔ ሞክሬዋለሁ።

የመርፌው ነገር

አሁን ወደ ዋናው። ልብስ ሰፊ ክር በመርፌ ሲያስገባ አያስብም። እኔም ሃያ ዓመት ሳላስብ ነው ያስገባሁት። ከወደቅኩ በሳምንቴ ተኝቼ ሳለሁ ትራሱ ላይ የተቀደደ ነገር አየሁና መርፌ አነሳሁ። ክሩ ሳተ። ሁለተኛም ሳተ። በሦስተኛው ገባ። መጋረጃ በተዘጋበት ቤት መርፌ የማይስት የለም። እኔ ግን ሆዴ ባዶ ሆነ። «አለቀልኝ፣ አንጎሌ ተነክቷል፣ ከእንግዲህ እንጀራዬ ተቆረጠ» አልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መርፌው የፈተና ወረቀት ሆነ። ጠዋት ስነሳ እሞክራለሁ። ከምሳ በፊት እሞክራለሁ። ባለቤቴ እስኪወጣ ጠብቄ እሞክራለሁ። በአንዴ ከገባ ለአሥር ደቂቃ ያህል ልቤ ያርፋል። ከዚያ «ዕድል ቢሆንስ?» የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ እንደገና መርፌ። አንድ ቀን ስቆጥረው ሃያ ሦስት ጊዜ ሆነ። በሃያ ሦስተኛው እጄ ደክሞ ዓይኔም ፈዞ ሳተ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

የእናንተ መርፌ ሌላ ይሆናል። ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሰ ወደ ታች የሚቆጥር ሰው አውቃለሁ። የድሮ የክፍል ጓደኞቿን ስም እየዘረዘረች ማን እንደጠፋባት የምትፈልግም አለች። «ያዞረኛል ወይ?» ብሎ ራሱን ወዝውዞ የሚያይም አይጠፋም። ራስን ከወዘወዙት ያዞራል። ደህና ሰውንም ያዞራል።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። አሁን ይህን ስታነቡ የግራ እግራችሁን አውራ ጣት ብታዳምጡት የሆነ ነገር ይሰማችኋል። ቅድምም ነበር፤ አላዳመጣችሁትም እንጂ። ጭንቅላትን ቀኑን ሙሉ ለሚያዳምጥ ሰው ደግሞ ጭንቅላቱ ቀኑን ሙሉ ያወራለታል። ፍርሃት ራሱ ያዞራል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ራስ ያሳምማል፣ ቃል ያስረሳል። ከመናወጡ ምልክት ጋር መንትያ ነው። ማን የቱን እንዳመጣው ለመለየት ስንመረምር እንውላለን፤ ምርመራው ራሱ አንዱን ይጨምራል። የኔን ሁለት ወር ተኩል ያስረዘሙት ጨለማው ቤትና ይህ ፍተሻ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ሌላም ማታለያ አለው። «ከመውደቄ በፊት እኮ ራሴን አሞኝ አያውቅም» ስል ባለቤቴ ሳቀ። «መስከረም የዩኒፎርም ሰሞን ራስሽን በሻሽ ጠፍረሽ አይደል እንዴ የምትሰፊው? ስልክሽንስ በቀን ስንት ጊዜ ነው የምትፈልጊው?» አለኝ። እውነቱን ነው። ረስቼው ነበር። ጤነኛዋን እኔን ከእውነቷ በላይ አሳምሬ፣ የታመመችውን ከሷ ጋር ነበር የማወዳድራት።

ያደረግኩት ይህ ነው። ለፍተሻ ቀጠሮ ሰጠሁት። ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ በቀን አንድ ጊዜ። የደንበኛ ልኬት የምጽፍበትን ደብተር ከኋላው ገለበጥኩና ሦስት ቁጥር ብቻ እጽፋለሁ፦ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ የትናንት ማታ እንቅልፍ። ከሥር አንድ መስመር፣ ዛሬ ምን እንደሠራሁ። «ሁለት ሱሪ አሳጠርኩ»፣ «እስከ ገበያ ሄድኩ»። ከዚያ ደብተሩ ይዘጋል። ቀን ላይ መርፌው ሲጠራኝ «በ12 ሰዓት» እለዋለሁ። አይሁን አላልኩትም፣ ቀጠርኩት እንጂ። ጨርሶ ለመተው ስሞክር ይብስብኝ ነበር። እጄን ሥራ አስይዛለሁ፤ ምስር እለቅማለሁ፣ ቁልፍ በየመጠኑ እለያለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ላብ ላብ አለኝ። ሳምንቱ ሲያልቅ ከሃያ ሦስት ወደ ዘጠኝ ወረድኩ፣ ከዚያ ወደ አራት። እስከ ዛሬ አንዳንዴ አደርገዋለሁ፤ ሲያመልጠኝ ራሴን አልቆጣም።

ደብተሩን ስታነቡ ዛሬን ከትናንት ጋር አታወዳድሩ። ሳምንትን ከሳምንት ጋር አወዳድሩ። በሦስተኛው ሳምንት የራስ ምታቴ ቁጥር 5፣ 4፣ 6፣ 3፣ 5፣ 5፣ 4 ነበር። በሰባተኛው 3፣ 2፣ 2፣ 5፣ 1፣ 2፣ 2። ያቺ 5 የመጣችው ለቅሶ ቤት ውዬ በመጣሁበት ቀን ነው። ያለ ደብተሩ ያቺን አንድ ቀን ይዤ «ወደ ኋላ ተመለስኩ» ብዬ አለቅስ ነበር።

ማታ ማታ

ቀን በሥራ ይታለፋል፤ ማታ ነው አበሳው። ልቤ ይመታል፣ ጣቶቼን ይነዝረኛል፣ «ደም ረግቶ ይሆን?» እላለሁ። ያኔ ተነስቼ መስታወቱ አጠገብ ያለውን ወረቀት አነባለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ። እሱ ላይ ከሌለ፣ ጋደም ብዬ በአፍንጫዬ አራት እስክቆጥር አስገባለሁ፣ ስድስት እስክቆጥር ቀስ ብዬ አስወጣለሁ። አምስት ደቂቃ ያህል። ዋናው ማስወጣቱ መርዘሙ ነው፤ የልብ ምት ያን ተከትሎ ይረጋል። እንቅልፍ ካልመጣ ሃያ ደቂቃ ያህል ጠብቄ ከአልጋ እወርዳለሁ፤ ጓዳ ውስጥ በደብዛዛ መብራት ቁጭ እልና ሲያንጎላጀኝ እመለሳለሁ። ሌሊት በየትኛውም ሰዓት ብተኛ ጠዋት ሁልጊዜ በዚያው በለመድኩት ሰዓት እነሳለሁ። ስልኬን ግን ረዳቴ እንድታሳድርልኝ ሰጠኋት። «እትዬ፣ ዛሬም ልወስደው ነው?» ስትለኝ ያሳፍረኝ ነበር። ግን ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ስለ አንጎል እየፈለጉ ማንበብ ማንንም አላስተኛም።

ቡናን በአንዴ አትቁረጡ፤ መቁረጡ ራሱ ራስ ያሳምማል። እኔ ከሦስቱ አቦሉን ብቻ እጠጣ ነበር፣ እሱንም ከቀትር በፊት። «ትንሽ አረቄ ያስተኛሻል» የሚል ዘመድ አይጠፋም፤ በኛ አገር ደግሞ አረቄው ሩቅ አይደለም። አልኮል እስክትድኑ ድረስ ይቅር። እንቅልፉን ይረብሻል፣ ሚዛን ያስታል፣ ለሌላ መውደቅም ይዳርጋል።

ስለ መድኃኒት ባጭሩ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፓራሲታሞል ይሻላል። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክን ሐኪም ሳይጠየቅ አትውሰዱ፤ ደም መፍሰስን ሊያባብሱ ይችላሉ። ፓራሲታሞልንም ቢሆን በወር ውስጥ አሥራ አምስት ቀንና ከዚያ በላይ አዘውትሮ የሚወስድ ሰው መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣበት ይችላል። እኔ በየቀኑ እውጥ ነበር። ሐኪሙ ሲያስቆመኝ ለጥቂት ቀናት ባሰብኝ፤ ከዚያ ቀለለኝ።

ስለ ሰው

አንዲት ጎረቤቴ ልትጠይቀኝ መጥታ፣ ጭንቅላቱን ተመትቶ ከወር በኋላ ስላበደ ሰው አጫወተችኝ። ቆሎዬን በልታ ሄደች፤ ወሬዋ ግን ሁለት ሳምንት ከኔ ጋር አደረ። ጠያቂ አይመለስም፤ ነውር ነው። ግን ባለቤቴ በር ላይ «ስለ ሕመሙ አታንሱባት፣ ሌላ ሌላ አጫውቷት» ማለት ጀመረ። ሠራ። እሱንም በቀን አሥር ጊዜ «እንዴት ነሽ?» እንዳይለኝ ለመንኩት። ማታ በ12 ሰዓት ደብተሩን ስዘጋ አንዴ ይጠይቀኛል። «አይዞሽ፣ ምንም የለሽም» ሲለኝ እናደድ ነበር፤ ምንም የለሽም ማለት የምትዋሺ ነሽ ማለት መስሎ ይሰማኛል። «ያምሻል፣ ግን እየዳነ ያለ ሕመም ነው» ሲለኝ ግን እረጋለሁ። ለቤተሰባችሁ የምትፈልጉትን ቃል ራሳችሁ ስጧቸው፤ እነሱ ከየት ያምጡት?

ዐቢይ ጾም የገባው በዚያው ሰሞን ነበር። ስግደቱ አቃተኝ። ጎንበስ ብዬ ቀና ስል ቤተ ክርስቲያኑ ይዞርብኛል። ኃጢአት መስሎኝ ለንስሐ አባቴ አልተናገርኩም፤ ሁለት ቀን ታግዬ በሦስተኛው ቅጥሩን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ኋላ ስነግራቸው «ልጄ፣ እስኪሻልሽ በቁምሽ ጸልዪ፤ ለመታመምሽ ማን ይቆጣሻል?» አሉኝ። ጾሙንም እንዳቅሜ እንድይዝ ፈቀዱልኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉና ውሃ ሳይጠጡ መዋል ለተመታ ጭንቅላት ራስ ምታቱን ይጨምራል። ቀድማችሁ ጠይቁ።

ወደ መኪናው መመለስ

የልብስ ስፌት መኪናዬ በእግር የሚረገጥ ሲንጀር ነው። ድምፁን ድሮ አልሰማውም ነበር። ስመለስ ጆሮዬ ውስጥ የሚሰፋ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ የእጅ ሥራ ብቻ ወሰድኩ፤ ቁልፍ መትከል፣ ጠርዝ መጥለፍ። ሃያ ደቂቃ ሠርቼ አሥር ደቂቃ በር ላይ እቆማለሁ፤ የስልክ ደወል ነበር የሚያስነሳኝ፤ «ይህቺን ልጨርስና» ማለት ልማዴ ነውና። በሳምንቱ መኪናውን ጨመርኩ፣ በጠዋቱ ብርሃን፣ አምፖል ሳላበራ። ዝርዝር ያለበትን ልኬት ረዳቴ ጮክ ብላ አንብባልኝ ትጽፈዋለች። ደንበኛን «ለቅዳሜ» ከማለት «ለሳምንት ቅዳሜ» ማለት ለመድኩ። ሁለት ደንበኛ ሄደብኝ። አንዷ ተመልሳለች።

አንድ ወር አልፎ ካልቀለላችሁ ተመልሳችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ «ደህና ነሽ ብለውኛል» ብላችሁ አትቅሩ። ለኔ ከራስ ምታቱ ግማሹ ከአንገቴ የመጣ ሆኖ ተገኘ። ስወድቅ አንገቴም ተጎድቷል፤ ቀኑን ሙሉ አጎንብሼ መስፋቴ ጨመረበት። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያሳየችኝን እንቅስቃሴ ጠዋትና ማታ ሠራሁ፤ መኪናውንም ጠረጴዛ አስደርጌ ከፍ አደረግኩት። ስለ ፍርሃቱ ስነግረው ደግሞ ያ ወጣት ሐኪም «የአእምሮ ጤና ባለሙያ ብታናግሪ» አለኝ። በቀጥታ አማኑኤል የሚልኩኝ መስሎኝ ቦርሳዬን አነሳሁ። እዚሁ ከተማ ውስጥ፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አራት ቀን ማውራት ብቻ ነበር። የ12 ሰዓቱን ቀጠሮ ያስተማረችኝም ያናገርኳት ባለሙያ ናት፤ የራሴ ብልሃት እንዳይመስላችሁ።

ምልክቱ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ሌላ መመታት እንዳያገኛችሁ ተጠንቀቁ፤ ባልዳነ አንጎል ላይ የሚደርስ ሁለተኛ ምት ከመጀመሪያው ሊከፋ ይችላል። ኳስ፣ ሞተር ብስክሌት፣ መሰላል፣ ጣሪያ፣ ክምር፣ ሐኪም እስኪፈቅድ ይቆዩ። ዘንድሮ ጥር ላይ እናቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። ከታች ቆሜ ነዶ ተቀበልኩ፣ ላሟንም ራሴ አሰርኳት።